የመቀናጆዬ ትራክተር

ደምለው አጭር ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። መንደራችን ከሉማሜ ወደ ማርቆስ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተግራ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። እዚያ ገብታችሁ ስለ ደምለው ብትጠይቁ ሁሉም «ደግ ሰው ነው» ይላችኋል። እኔም እላችኋለሁ። ሌላ የምለው ነገር ባገኝ ብዬ ስንት ዓመት ፈልጌ አጥቻለሁ።

እናቱ በወሊድ ሞታ አክስቱ ወለተ ኪዳን ናት ያሳደገችው። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል። ድቁና ሊቀበል ሲል አክስቱ ታመመችና ሞፈር ጨበጠ፣ በዚያው ቀረ። አንድ ቀን እንኳ «እኔ እኮ ይኼኔ ቄስ ነበርኩ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ብሆን ኖሮ በየቀኑ እለው ነበር።

እኔ እንዳላማው እባላለሁ። ከደምለው ጋር ሃያ ሁለት ዓመት መቀናጆ ነበርን። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኔም አንድ በሬ አለኝ። የእሱን ቡሬና የእኔን ዳልቻ አንድ ላይ እንጠምድና አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን። ውል የለን፣ ምስክር የለን። አንድ ዘመን በሬዬ ገደል ገብቶ ሲሞትብኝ የእህቱን ባል በሬ ለምኖ አመጣልኝ፤ እሱ እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ክረምት ደግሞ እኔ የሁለታችንንም ማሳ ብቻዬን አረስኩ። ሚስቴ ሥራነሽ «አንተ የተጋባኸው ከደምለው ጋር ነው፤ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ» ትለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ። እኔ ከእሱ የተሻልኩ አራሽ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የእኔ ትልም ቀጥ ይላል፣ የእሱ እንደ ፍየል ሽንት ይንከራተታል። እሱም ያውቀዋል። የትኛው ማሳ ይረፍ፣ ጤፉ በየትኛው ሳምንት ይዘራ፣ ስንት ጊዜ ይታረስ፤ ሁሉንም የሚጠይቀው እኔን ነበር። እኔ ካልኩት አይወጣም። ሀብታም አይደለሁም፤ ልጄ አንተነህ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል፣ የሚደውለው ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። ደምለው ምክር ሲጠይቀኝ ግን ትልቅ ሰው እሆን ነበር።

አምና በጥር ደምለው ቤቴ መጣና ዓይኑ ጠፍቶ፣ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ፣ «ሂዊ ትራክተር ልታመጣልኝ ነው» አለኝ። ሂዊ ልጁ ናት፤ አዲስ አበባ ከባሏ ጋር ትሠራለች። «አባቴ ከሞፈር ይላቀቅ» ብላ ነው አሉ። ትልቁን ዓይነት አይደለም፣ ትንሿን፣ ባለ ሠላሳ አምስት የፈረስ ጉልበት። «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» ብዬ አቀፍኩት። አፌ ነው ያለው። ቆሽቴ እርር ብሏል።

ማዕድ ቀርቦ አልበላም አልኩ። ሥራነሽ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ሆዴን ነው።»

«ሆድህን ቢሆን ፌጦ በጥብጬ እሰጥህ ነበር። ይኼኛው መድኃኒት የለውም» አለችና ማዕዱን አነሳች።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ በደጀ ሰላሙ ወሬው ሁሉ ሂዊ ሆነ። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። ሲሉ ወደ እኔ ያዩ ይመስለኛል። ምናልባት አላዩም ይሆናል። እኔ ግን የእያንዳንዳቸውን ዓይን እየተከተልኩ ጸበሉን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ከሁሉ የባሰው የበሬው ነገር ነው። ደምለው ቡሬን ሊሸጠው ነው። «አንተ ምንም አታስብ፤ ያንተን ማሳ እኔ በትራክተሩ አርስልሃለሁ» አለኝ። አርስልሃለሁ! እንደ ባልቴት መሬት! የእኔን ማሳ፣ ያ ትልሙ የሚንከራተተው ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ! «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ዳልቻን ጭራሮ አጥር ሥር አስሬ ሳየው፣ ሁለታችንንም ጓደኛችን ጥሎን የሄደ መሰለኝ።

በሚያዝያ ሻጮቹ ለደምለው ደወሉለት። ከትራክተሩ ጋር ሦስት ዕቃ ምረጥ፣ ከኋላ የሚገጠም፣ አሉት። በማግሥቱ በጧት መጣ። «ማርቆስ እንውረድ። ያላንተ አልመርጥም» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩና ተከተልኩት።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ማን ቆሞ አገኘን? አምደሚካኤል። አምደሚካኤል የላይኛው መንደር ሰው ነው፤ ወፍጮ አለው፣ ሁለት ዓመት በትራክተር አሳርሷል፣ ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም። «እኔም ልምረጥላችሁ ብዬ ነው» አለ። ሚኒባሱ ሲመጣ ገባና ከደምለው ጎን ቁጭ አለ። እኔ ከኋላ፣ ዶሮ ካቀፈች ሴትዮ ጋር። ማርቆስ እስክንደርስ የደምለውን ማጅራትና የአምደሚካኤልን አፍ እያየሁ ሄድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኑ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዶሮዋም ሱሪዬ ላይ ኩሷን ጣለችብኝ።

የሻጮቹ ግቢ ሰፊ ነው። ዕቃዎቹ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ገና ጭቃ አልነካቸውም። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሠራተኛ ተቀበለን። ጨዋ ሰው ነው። «አባቶቼ፣ ዕቃው ስላማረ እንዳትወስዱ። ይቺ ትራክተር ትንሽ ናት፣ ሁሉን አትጎትትም። መጀመሪያ መሬታችሁ ምን እንደሚፈልግ ንገሩኝ» አለን።

ማረሻው ላይ ክርክር አልነበረም። አምደሚካኤል ባለ አምስት ዲስኩን ካልወሰድን አለ፤ ሠራተኛው «የትራክተሯን አፍንጫ ሰማይ ትሰቅሉታላችሁ» ብሎ ሳቀበትና ባለ ሦስቱ ተመረጠ። እኔ አምደሚካኤል ስለተሳቀበት ደስ አለኝ። ሁለተኛው ተጎታች ጋሪ ሆነ። ነዶ ይጭናል፣ ፍግ ያወጣል፣ የታመመ ሰው አስፋልት ያደርሳል። ይኼን እንኳ እኔም መርቄ ነው የተቀበልኩት። መዝሪያውን ጠየቅን፤ «ለስንዴ ነው፣ ለጤፍ አይሆናችሁም» አለን ሠራተኛው። የእኛ መሬት ጤፍ ነው፣ ተወው።

ሁለት ነገር ቀረ። አንዱ ሮታቬተር ነው። ከሥሩ እንደ ማጭድ የጎበጡ ብዙ ስለቶች አሉት፤ እነሱ እየተሽከረከሩ ጓሉን ፈጭተው ያወጣሉ። ብርቱካን ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ሙሽራ ይመስላል። ሌላው ሮለር ነው። ሮለር ምንም አይደለም፤ ከባድ የብረት በርሜል ነው፣ እየተንከባለለ አፈሩን የሚደመድም። ግድግዳ ተደግፎ ዝጎ ቆሟል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

«ይኼ ነው!» አለ አምደሚካኤል ሮታቬተሩን በመዳፉ እየመታ። «አፈሩን በሶ ነው የሚያደርግልህ!» ሌላውን እጁን የደምለው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎታል።

ደምለው ሮታቬተሩን አየ፣ ሮለሩን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንዳላማው፣ የጤፉ ነገር እንዴት ይሆናል? አፈሩ እንዲህ ከላመ በኋላ መርገጡ አያስቸግረንም?»

እዚህ ላይ ለከተማ ሰው ማስረዳት አለብኝ። የጤፍ ዘር ደቃቃ ናት፤ አፈሩ ልል ከሆነ ወደ ታች ትሰምጥና አትወጣም፣ ብትወጣም ሥሯ የሚጨብጠው አጥቶ ትጋደማለች። ስለዚህ ከመዝራታችን በፊት ማሳውን በከብት እናስረግጣለን። የሰው ከብት ለምነን፣ ከራሳችን ጋር ቀላቅለን፣ እየነዳን እናዞራለን። በበሬ የታረሰ መሬት ሲሆን አሥር ከብት ግማሽ ቀን ቢዞርበት ይበቃዋል። በሮታቬተር የተፈጨ መሬት ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደምበጫ የእህቴ ባል ማሳውን በኪራይ አስፈጭቶ በአሥር ከብት አስረገጠና ዘራ። በመስከረም ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጤፉ እንደ ራሰ በራ ሰው ጠጉር እዚህም እዚያም ነበር። ሦስተኛው ዕቃ ሮለር መሆን ነበረበት። በዚያ ግቢ ውስጥ ይህን በእርግጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ምንም አያስቸግርም» አልኩት።

«እንደ ድሮው ከብት ይበቃል?»

«በደንብ አድርጎ።»

ለምን አልኩ? የአምደሚካኤል እጅ ትከሻው ላይ ስለነበረ ነው። ሂዊ የእኔ ልጅ ስላልሆነች ነው። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ሳይሳካለት ባየው ብዬ ነው። ደምለው አንዴም ሳያመነታ «እንግዲያው ይኼን ጫኑልን» አለ።

ትራክተሯ የገባች ቀን ሴቱ እልል አለ። ቄስ አካለ ወልድ ጸበል ረጯት፣ መስቀል አሳለሟት፣ «ከክፉ ዓይን ይሰውርልህ» ብለው መረቁ። ከሁሉ ድምፅ የእኔ አሜን ጎልቶ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ባላስታውሰው እመርጣለሁ። ደምለው በግንቦት የራሱን መሬት አረሰ፣ የጎረቤቱን አረሰ፣ የደብሩንም መሬት በነጻ አረሰ። ወደ እኔ ሲመጣ ግን «ቆይ፣ እኔ በበሬ አርሳለሁ» አልኩት። ዳልቻ ብቻውን ነው፤ የሚቀናጀኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ ሁሉም ትራክተሯን ተራ ይዞ ይጠብቃል። ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ ገባ። ሥራነሽ «ሰው ጤፍ ሊዘራ ነው፣ እኛ አረም እያረባን ነው። ኩራትህን ሰፍረን አንበላው!» ብላ ጮኸችብኝ። ይጁቤ ያለው የአጎቴ ልጅ በሬ እንዲያውሰኝ ልለምን ተነስቼ ሄድኩ። ሁለት ቀን አደርኩ። በሬው ታሟል አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ወደ መንደር ስቃረብ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ከእኔ ማሳ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ሦስት ቀን ፋታ ሰጥቶ ቀዩ አፈር ጠፈፍ ብሏል፤ ደምለው ትራክተሯ ላይ ተቀምጦ የመጨረሻዋን ጥግ እያዞረ ነው። ሥራነሽ ዳር ቆማለች። ማሳዬ ታርሷል፣ ተፈጭቷል። እግሬን ባስገባው እስከ ባቴ ዋጠኝ። አፈሩ እውነትም በሶ ሆኗል።

ደምለው ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። «እንኳን ደህና ገባህ! ሥራነሽን አስፈቅጄ ነው፣ እንዳትቆጣ። የእኔን ነገ እፈጨዋለሁ፣ ያንተ ስለዘገየ አስቀደምኩት።» አፈሩን በሁለት እጁ ዘግኖ አሳየኝ። «አንድ ጓል ካገኘህ ጢሜን ላጨኝ!»

ደስ ብሎታል፣ ማውራቱን ቀጠለ። «ያን ቀን አምደሚካኤል ስለጮኸ የመረጥኩት እንዳይመስልህ። አምና ሥራነሽ እዚች ማሳ ላይ ጓል ስትከሰክስ መዳፏ ተልጦ ደም ሲወጣው አይቻለሁ። የእኔ ማሳ ጓሉ ይህን ያህል አይደል። ይኼን ብረት ሳይ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ። የፈራሁት ለጤፉ ነበር፤ እሱን ደግሞ አንተ አያስቸግርም አልከኝ።»

ሥራነሽ መዳፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ያንን እጅ አላየሁትም ነበር። አብሬያት እየኖርኩ አላየሁትም።

«ደምለው» አልኩት። «ከብት እንሰብስብ። የመንደሩን ከብት ሁሉ፣ አህያውንም በጉንም። ለዚህም፣ ነገ ለምትፈጨውም።»

«ምን አደከመን? እንደ ድሮው ይበቃል ብለኸኝ የለ?»

«አይበቃም። እዚህ ላይ አሥር ከብት አዙረን ብንዘራ ግማሹ አይወጣም።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ሄደ። ዓይኑ ተመልሶ መጣ። «ያኔ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። ያምነኝ ነበር፤ ችግሩ እኮ እሱ ነው።

«አውቅ ነበር። ደምበጫ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቀንቼ።»

በዓለም ላይ ከዚህ ቃል የከበደ ተሸክሜ አላውቅም። ሥራነሽ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። ደምለው እጁ ላይ የቀረውን አፈር ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አራገፈ። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ ነበር። ቢመታኝም ቆሜ እቀበለው ነበር።

«ዝናቡ ነገ ሊመለስ ይችላል» አለ በመጨረሻ። «አንተ የላይኛውን መንደር ጥራ፣ እኔ የታችኛውን።»

ደጅ ለደጅ ዞርኩ። «ለማን ማሳ ነው?» ሲሉኝ «ለእኔ፣ ነገ ደግሞ ለደምለው» እላለሁ። ለእኔ ያቅማሙ ሁሉ ለደምለው ሲባል በረታቸውን ከፈቱ። አምደሚካኤል እንኳ ዘጠኝ ከብት አስነድቶ ላከ፤ ዘጠኝ! ከእሱ መቀበል ሌላ ቅጣት ነበር። ሰባ ምናምን ከብት፣ አህያና በግ ሳይቆጠር፣ ቀኑን ሙሉ ማሳዬ ላይ ዞረ። በማግሥቱ የደምለውን። እኔና እሱ ከመንጋው ኋላ ጎን ለጎን ሆነን «ሃይ! ሃይ!» እያልን ነዳን፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። አፈሩ ተደመደመ፣ ዘራን፣ ጤፉ ወጣ። በኅዳር ሲታጨድ የእኔም የእሱም ጥሩ ነበር። የተጎዳ ሰው የለም ብትሉ እውነታችሁን ነው።

ደምለው ለማንም አልተናገረም። ይህንን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ጠብቄያለሁ። በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው ቤት የሰዉን ፊት እያየሁ ጠብቄያለሁ። አንድም ሰው አልሰማም። አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው፤ «ሥራነሽ ደህና ናት? አንተነህ ደወለ?» ይለኛል። ዘንድሮም ማሳዬን ጊዜው ሳያልፍ አረሰልኝ። ትልሙ ቀጥ ብሏል። ማሽን ነው ቀጥ ያደረገው እንጂ እሱ አይደለም እላለሁ፣ ግን ቀጥ ብሏል።

ባለፈው ሳምንት ሥራነሽ ወንዝ ስትወርድ ወሬ ሰምታ መጣች። ደምለው ሮለሩን ሊወስድ፣ ለመውቂያም የሚሆን ዕቃ ሊመርጥ ማርቆስ ሊወርድ ነው፤ ሐሙስ። መውቂያ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው፣ እኔ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። ሐሙስ በጧት ተነሳሁ። ሸሚዝ ቀየርኩ። ጫማዬን ጠረግሁ። ሥራነሽ አየችኝ። አጥሩ ምንም ሳይሆን አጥር የማጠብቅ መስዬ በሩ ላይ ቆየሁ።

ደምለውና አምደሚካኤል እየተጨዋወቱ በታችኛው መንገድ መጡ። ደምለው ደጄ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሸሚዜን ያየ ይመስለኛል።

«እንደምን አደርክ እንዳላማው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማርቆስ እየወረድን ነበር። የምናመጣልህ ነገር አለ?»

ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ማንም ጎረቤት እንደሚጠየቀው። አምደሚካኤል ሰዓቱን አየ።

«ጨው» አልኩት። «ካልከበዳችሁ አንድ ኪሎ ጨው።»

«እሽ፣ ምን ችግር አለው» አለና ሄዱ። በአስፋልቱ መታጠፊያ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። ቤታችን ጨው ሞልቶ ነበር።